የጓዳችን ሒሳብ

የሻዕባን ወር ተጋምሶ ረመዷን ሲቃረብ የገበያው መልክ ይለወጣል። የሩዝ ከረጢቶች፣ የዘይት ጀሪካኖችና የተምር ካርቶኖች በየመደብሩ ይቆለላሉ፤ ሁለት ለገዛ ሦስተኛውን በነፃ የሚሰጡ ማስታወቂያዎች በየበሩ ይሰቀላሉ። የጾሙ ጨረቃ ገና ሳይታይ ጓዳዎች ይሞላሉ። ወሩ ሲጋመስ ደግሞ በየመንደሩ የሚገኙ የቆሻሻ ማጠራቀሚያዎች በተራቸው ይሞላሉ፤ እጅ ያልነካው ምግብ ሳይቀር በውስጣቸው ይገኛል። የረሃብተኛውን ስሜት እንድንቀምስ የተደነገገልን ወር ምግብ የሚደፋበት ወር ሆኖ ማየት ማንኛውንም አስተዋይ አማኝ ሊያሳስበው ይገባል።

ጉዳዩ ግን የአንድ ወር ብቻ አይደለም፤ የአንድ አገርም አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም በ2024 ባወጣው ዘገባ መሠረት በ2022 በዓለም ዙሪያ 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ ባክኗል። ከዚህ ውስጥ 631 ሚሊዮን ቶን ያህሉ፣ ማለትም 60 በመቶው፣ የተጣለው ከሆቴል ወይም ከመደብር ሳይሆን ከመኖሪያ ቤት ነው። በአማካይ ሲሰላ እያንዳንዱ ሰው በቤቱ ውስጥ በዓመት 79 ኪሎ ግራም ምግብ ይጥላል። በዚያው ጊዜ ውስጥ በረሃብ የሚኖሩ ሰዎች ቁጥር 783 ሚሊዮን እንደነበር ዘገባው ጨምሮ ገልጿል።

ወደምንኖርበት አካባቢ ስንመለስም አኃዙ የሚያጽናና አይደለም። በሳዑዲ ዓረቢያ ይህንኑ ለመለካት የተካሄደውና በ2019 የወጣው መነሻ ጥናት ለምግብነት ከቀረበው ውስጥ 33 በመቶ ገደማው በመንገድ ላይ እንደሚጠፋ ወይም እንደሚባክን አረጋግጧል። ይህም ለእያንዳንዱ ነዋሪ ሲካፈል በዓመት 184 ኪሎ ግራም፣ በገንዘብ ሲተመን ደግሞ 40 ቢሊዮን ሪያል ይደርሳል። አብዛኛውን ምግቡን ከባሕር ማዶ በሚያስመጣ፣ የሚጠጣውንም ውሃ ከባሕር አጣርቶ በሚያወጣ ምድር ላይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ከእነዚህ አኃዞች ሁሉ ይልቅ ለእኛ ሊያስደንቅ የሚገባው ግን ሌላ ነው። ብክነት የሀብታም በሽታ እንደሆነ፣ በወር ደመወዝ የሚኖር ሠራተኛም ከዚህ ነገር ነፃ እንደሆነ አድርገን ማሰብ ይቀናናል። ከላይ የተጠቀሰው ዓለም አቀፍ ዘገባ ይህን ግምት አፍርሶታል። ከፍተኛ ገቢ ባላቸው አገሮችና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች መካከል በቤት ውስጥ በሚጣለው ምግብ የታየው ልዩነት በነፍስ ወከፍ 7 ኪሎ ግራም ብቻ ነው። ይህም ማለት ብክነት ከኪስ ሙላት ይልቅ ከልማድ የሚወለድ ነው ማለት ነው። አምስትና ስድስት ሆነው አንድ ቤት የተከራዩ ወንድሞች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ድስት ሲጥዱ፣ ሁሉም ትንሽ ትንሽ ሲያስተርፉ፣ የተረፈውም ባለቤት አጥቶ በማቀዝቀዣው ውስጥ ሲሻግት ይታያል። ከአገር ቤት በአውሮፕላን የመጣና በውድ ዋጋ የተገዛ እንጀራ በላስቲኩ ውስጥ እንዳለ ይበላሻል። ገንዘቡ ግን ከቤተሰብ ተለይቶ፣ በሙቀትና በድካም የተገኘ ነው።

እንግዲህ ሃይማኖታችን ይህን ጉዳይ በምን ዓይን ያየዋል? በዚህ ርዕስ ላይ ብዙ ጊዜ የሚነሣው በአል-አዕራፍ ምዕራፍ የሚገኘው ትእዛዝ ነው፤ ለሰው ልጅ መብላትና መጠጣት ከተፈቀደ በኋላ ወዲያው ልክ ማለፍ የተከለከለበት ስፍራ ነው። ሌሎች ሁለት ስፍራዎች ግን በጥሞና ሊታዩ ይገባል። በአል-ኢስራእ ምዕራፍ ማባከን የተከለከለው የዘመድ፣ የችግረኛና የመንገደኛ ሐቅ እንዲሰጥ ከታዘዘ በኋላ ነው። በአል-አንዓም ምዕራፍም እንዲሁ የአዝመራው ሐቅ በሚታጨድበት ቀን እንዲሰጥ ታዝዞ ኢስራፍ የተከለከለው ከዚያ ቀጥሎ ነው። ይህ ቅደም ተከተል ትርጉም አለው። ብክነት በቁርኣን የተነሣው የሌላ ሰው ሐቅ በተነሣበት ስፍራ ነው። በእጃችን ያለው ሪዝቅ በሙሉ የእኛ ብቻ አለመሆኑን፣ ያባከንነውም ምናልባት ከራሳችን ድርሻ ሳይሆን ከሌላው ድርሻ ሊሆን እንደሚችል ያስገነዝበናል።

ከሊቃውንት መካከል በ450 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት ኢማም አል-ማወርዲ ስለ ዓለማዊና ሃይማኖታዊ ሥነ ምግባር በጻፉት መጽሐፋቸው ኢስራፍንና ተብዚርን ለይተው አስረድተዋል። በእርሳቸው ማብራሪያ ኢስራፍ የሐቅን መጠን ካለማወቅ የሚመጣ ሲሆን ተብዚር ደግሞ የሐቅን ቦታ ካለማወቅ የሚመጣ ነው። አንዱ ልክን፣ ሌላው ስፍራን መሳት ነው። በሁለቱም መሠረት ላይ ያለው አለማወቅ ነው። ስለዚህ መድኃኒቱ ቁጭት ወይም ወቀሳ ብቻ ሊሆን አይችልም፤ ማወቅ፣ ማለትም መመጠን፣ መቁጠርና መለካት ነው። የዛሬው ጽሑፋችንም ዋና መልእክት ይኸው ነው፦ ብክነት የሚወሰነው ምግቡ ወደ ቆሻሻ ቅርጫት በሚገባበት ሰዓት ሳይሆን ከዚያ አስቀድሞ ስንገዛና ስንጥድ ነው። በልክ ያልተጣደ ድስት ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ግማሹ የቅርጫቱ ነው።

የነቢዩ ሙሐመድ (ሶ.ዐ.ወ.) አኗኗር በዚህ ረገድ የሚያስተምረን ብዙ ነው። ቡኻሪና ሙስሊም ከአነስ በዘገቡት መሠረት ውዱእ የሚያደርጉት በአንድ ሙድ ውሃ ነበር፤ ይህም በዛሬው መለኪያ ከአንድ ሊትር በታች ነው። ጉርሻ ከእጅ ቢወድቅ ቆሻሻው ተጠርጎ እንዲበላ፣ ሳሕኑም ጥርግ ተደርጎ እንዲጨረስ አስተምረዋል፤ ምክንያቱንም ሲገልጹ በረካው በየትኛው የምግቡ ክፍል እንዳለ ሰው አያውቅም ብለዋል። ከሁሉም ይልቅ ለዘመናችን የቀረበው የመይሙና አገልጋይ በግ ታሪክ ነው። በጓ ሞታ ተጥላ ባዩ ጊዜ ቆዳው ተገፍፎና ተለፍቶ ለምን ጥቅም ላይ እንዳልዋለ ጠየቁ። ሥጋው እርም ቢሆንም ቆዳው ሊጣል አይገባውም ነበር። ዛሬ የቆሻሻ ሊቃውንት አንድን ዕቃ ከመጣል በፊት ሌላ ጥቅም ይኖረው እንደሆነ ጠይቁ ብለው የሚመክሩት ከዚህ የተለየ አይደለም።

በዚህ ጊዜ የሚነሡ መከራከሪያዎች አሉ። የመጀመሪያው «በሐላል ላቤ ያገኘሁት ነው፤ ማን ይጠይቀኛል?» የሚል ነው። መልሱ በቲርሚዚ በተዘገበው ሐዲስ ይገኛል፤ በፍርድ ቀን ሰው ስለ ገንዘቡ የሚጠየቀው አንድ ጥያቄ ሳይሆን ሁለት ነው፤ ከየት አገኘኸው የሚለውና በምን አዋልከው የሚለው። በሐላል ማግኘት የመጀመሪያውን ጥያቄ ይመልሳል፤ ሁለተኛው ግን እንዳለ ይቆያል።

ሁለተኛው መከራከሪያ ከበድ ያለ ነው፤ ምክንያቱም የሚመነጨው ከመልካም ጠባይ ነው። እንግዳ ሲመጣ ገበታው ካልሞላ፣ ተበልቶም ካልተረፈ፣ አስተናጋጁ የተዋረደ ይመስለዋል። ይህ ስሜት በዓረቡም በሐበሻውም ዘንድ ሥር የሰደደ ነው። እንግዳን ማክበር ታላቅ ዒባዳ እንደሆነ አያጠራጥርም፤ የነቢዩ ኢብራሂም (ዐ.ሰ.) መስተንግዶ በቁርኣን የተወሳው ለዚሁ ነው። ነገር ግን እንግዳው የሚከበረው በልቶ ሲጠግብ እንጂ ከበላ በኋላ በሚደፋው ምግብ ብዛት አይደለም። ለሁለት የቀረበው ለሦስት ይበቃል የሚለውን የነቢዩን ትምህርት የተቀበለ ሕዝብ ለሦስት እንግዶች የአሥር ሰው ድስት ሲጥድ ለእንግዳው ሳይሆን ለዓይን ማብሰሉ ነው። የመብልን ብዛት ክብር ማድረግ እንግዳውንም ይጎዳል፤ እርሱም በተራው ሲጋብዝ ከአቅሙ በላይ ለመደገስ ይገደዳልና።

በእኛ ባህል ውስጥ ግን ከዚህ ተቃራኒ የሆነ ጥበብም አለ፤ እርሱን ከአገር ስንወጣ ጥለነው እንዳንመጣ ያስፈልጋል። እናቶቻችን የተረፈ እንጀራ ከመሻገቱ በፊት በፀሐይ አድርቀው ድርቆሽ ያደርጉ ነበር፤ ድርቆሹም ለመንገድ ስንቅ፣ ለክረምት መጠባበቂያ ይሆናል። የትናንት እንጀራ ለዛሬ ፍርፍር፣ ሥጋው ቋንጣ ይሆናል፤ የሊጡ ቅሪትም ለሚቀጥለው ቡኮ እርሾ ሆኖ ይቀመጣል። በአዲስ አበባ መንደሮች «ቆራሌው!» እያለ የሚዞረው ሰው አሮጌ ብረት፣ ጠርሙስና ጫማ ይገዛል፤ የሰበሰበውም መርካቶ ምናለሽ ተራ ደርሶ በሠራተኞች እጅ ምድጃና ማንከሽከሻ፣ ምጣድ መክደኛና ማጭድ ሆኖ ይወጣል። ይህ ሁሉ «ዳግም አጠቃቀም» የሚባለው ቃል ከመምጣቱ በፊት የነበረ ነው። ድህነት ያስተማረው ነው ብለን የምንንቀው ከሆነ ተሳስተናል፤ የተማርነው በችግር ቢሆንም ትምህርቱ ለምቾትም ያገለግላል።

የተጣለ ነገር የትም አይጠፋም፤ ከዓይናችን ይርቃል እንጂ። በአዲስ አበባ ለአሥርት ዓመታት የከተማውን ጥራጊ ሲቀበል የኖረው ረጲ፣ በሕዝቡ አጠራር ቆሼ፣ እ.ኤ.አ. በማርች 2017 ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎችን ሕይወት ቀጥፏል። ከሞቱት ብዙዎቹ በክምሩ ሥርና አጠገብ ይኖሩ የነበሩ ድሆች ናቸው። የጣለው የመላው ከተማ ነዋሪ ሲሆን የተቀበረበት ግን ሌላ ቦታ የሚኖርበት ያጣው ነበር። ባደጉት ከተሞች ክምሩ እንዲህ ላይናድ ይችላል፤ ሆኖም አየር በማያገኝ ክምር ሥር የሚበሰብስ ምግብ ሚቴን የተባለውን ጋዝ ያመነጫል፤ ይህም ምድርን ከሚያሞቁት ጋዞች ብርቱው አንዱ ነው። ከጠቅላላው የዓለም የሙቀት አማቂ ጋዞች ከ8 እስከ 10 በመቶ የሚሆነው ከሚጠፋና ከሚባክን ምግብ ጋር የተያያዘ እንደሆነ ይገመታል። ድርቅ ሲደጋገም ቀድሞ የሚጎዳውም ዝናብ ጠብቆ የሚያርሰው የአገራችን ገበሬ ነው።

ታዲያ ከየት እንጀምር? ከቁጥር እንጀምር። አንድ ቤተሰብ ወይም አብረው የሚኖሩ ጓደኞች ለአንድ ሳምንት ያህል የሚጥሉትን ምግብ በወረቀት ላይ ይጻፉ፤ ምን እንደተጣለ፣ ምን ያህል እንደሆነ፣ ለምን እንደተጣለ። ከሳምንት በኋላ ዝርዝሩ ራሱ ይናገራል። በአንዱ ቤት የሚጣለው ዳቦ፣ በሌላው ሩዝ፣ በሦስተኛው የጠወለገ ቅጠልና የበሰበሰ ቲማቲም ይሆናል። መፍትሔውም በዚያው ልክ ይለያያል። ዳቦ የሚጥለው ቤት በየቀኑ የሚገዛውን ይቀንሳል፤ ቅጠል የሚጥለው ቤት በሳምንት አንድ ጊዜ ብዙ ከመግዛት ሁለት ጊዜ ትንሽ ይገዛል።

ሩዝ በዚህ አካባቢ ገበታ ላይ ዋናው ስለሆነ የተለየ ትኩረት ይሻል። አንድ ብርጭቆ ጥሬ ሩዝ ሲበስል ወደ ሦስት ብርጭቆ ይጠጋል። በዓይን ግምት የሚጥድ ሰው ይህን ስለሚዘነጋ ሁልጊዜ ያበዛል፤ በብርጭቆ ሰፍሮ የሚጥድ ግን በሁለትና ሦስት ቀን ውስጥ የቤቱን ልክ ያገኛል። የተረፈውም ሳይበላሽ እንዲቆይ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። የበሰለ ምግብ ከምድጃ ከወረደ በሁለት ሰዓት ውስጥ፣ በበጋው ኃይለኛ ሙቀት ደግሞ በአንድ ሰዓት ውስጥ፣ ወደ ማቀዝቀዣ ሊገባ ይገባዋል፤ በሦስትና አራት ቀን ውስጥም መበላት አለበት። ቶሎ የሚበላሸው ከፊት፣ የሚቆየው ከኋላ ይቀመጥ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን፤ ቁጠባ ማለት የተበላሸ ምግብ መብላት አይደለም። ሰውነትም አማና ነውና የሻገተን ወይም ሽታው የተለወጠን ምግብ ለራስ መብላት ወይም ለድሃ መስጠት አይፈቀድም። ትክክለኛው ቁጠባ ነገሩ እዚያ ከመድረሱ በፊት የሚደረግ ነው።

ገበያም በሆድ አይወጣ። የተራበ ጾመኛ ከዐስር በኋላ መደብር ሲገባ የሚበላውን ሳይሆን የሚያምረውን ሁሉ ይገዛል፤ በመግሪብ አዛን ግን በተምርና በውሃ፣ ከዚያም በጥቂት ሾርባ ይረካል። ስለዚህ በጓዳ ያለውን አይቶ፣ የጎደለውን ጽፎ፣ በጠዋት ወጥቶ መግዛት ይሻላል። በቅናሽ የተሸጠም ዕቃ ቢሆን ካልተጠቀምንበት ቅናሽ ሳይሆን ኪሳራ ነው።

ብክነት በምግብ ብቻ አያበቃም። ለዒድ የተገዛ ልብስ ሁለት ጊዜ ሳይለበስ ዓመቱን በቁም ሣጥን ያሳልፋል፤ ወደ አገር ቤት ለመላክ የተጠራቀመ ዕቃ ካርቶን ውስጥ ሆኖ ይዘነጋል፤ ስልክ ሳይበላሽ በአዲስ ይለወጣል። የአላህ መልእክተኛ በቤታቸው ጫማቸውን ይጠግኑ፣ ልብሳቸውንም ይሰፉ እንደነበር ባለቤታቸው ዓኢሻ ተናግረዋል። ከእርሳቸው በላይ የተከበረ ሰው የለምና መጠገን ውርደት ሊሆን አይችልም። ውሃም እንዲሁ ነው። የሳዑዲ ዓረቢያ መንግሥት «ቀጥራ» በሚል ስያሜ በጀመረው ፕሮግራም የአንድ ሰው ዕለታዊ የውሃ ፍጆታ ከ263 ሊትር ተነሥቶ በ2030 ወደ 150 ሊትር ዝቅ እንዲል ግብ አስቀምጧል። ለውዱእ የተከፈተ ቧንቧ ፊትና እግር እስኪታጠብ ድረስ እንደተከፈተ ሲፈስ ዒባዳው ራሱ ከሱና ልክ ይወጣል።

ከአንባቢዎቻችን መካከል ብዙ እህቶች በሰው ቤት የሚሠሩ ናቸው። የሚያበስሉት የሌላ ሰው፣ ትእዛዙም የሌላ ነው፤ በየምሽቱ የሚደፋውን እያዩ ልባቸው እንደሚያዝን እናውቃለን። እነርሱ ስለማያዙበት ነገር አይጠየቁም፤ ያለ ባለቤቱ ፈቃድም ከቤቱ ምግብ አውጥተው መስጠት አይገባቸውም። ሊያደርጉት የሚችሉት ግን አለ። ከመጣዳቸው በፊት ስንት ሰው እንደሚበላ የቤቱን እመቤት በአክብሮት መጠየቅ፣ ምግቡን በሙሉ በትሪ ከማውጣት የተወሰነውን በድስቱ ንጹሕ አድርጎ ማቆየት፣ ያልተነካው ለሌላ ሰው ይሰጥ ዘንድ ፈቃድ መለመን ይችላሉ። በአብዛኛው ፈቃዱ አይከለከልም። የታዘዘውን በሙሉ ልብ የሚሰጥ ታማኝ ግምጃ ጠባቂ ከሁለቱ መጽዋቾች አንዱ ተደርጎ እንደሚቆጠር በሶሒሕ ሐዲስ ተዘግቧልና ምንዳው ለእነርሱም ይደርሳቸዋል።

መንግሥታትና የበጎ አድራጎት ተቋማት በበኩላቸው መንገዱን እያመቻቹ ነው። በሳዑዲ ዓረቢያ ምሥራቃዊ ክፍለ ሀገር የተመሠረተው የኢጥዓም የምግብ ባንክ ከግብዣ የተረፈውንና ያልተነካውን ምግብ ሰብስቦ ለችግረኞች ያደርሳል፤ በየከተማውም ኒዕማን ለመጠበቅ የተቋቋሙ ማኅበራት አሉ። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶችም በ2022 «ኒዕማ» የተሰኘውን አገራዊ ዕቅድ ጀምረው ብክነቱን በ2030 በግማሽ ለመቀነስ እየሠሩ ነው። ሠርግ ወይም አቂቃ የሚያዘጋጁ ወገኖቻችን ከድግሱ በኋላ የሚደውሉለትን ከመፈለግ ይልቅ ከድግሱ አስቀድመው በአካባቢያቸው ያለውን ማኅበር ቢያነጋግሩ ምግቡ በንጽሕናው እንዳለ ለሚገባው ሰው ይደርሳል። ይሁን እንጂ የትኛውም ተቋም በየቤቱ ገብቶ ድስት አይለካም። ያ ሥራ የቤቱ ባለቤቶች ነው።

ልጆችም የሚማሩት ከዚሁ ነው። በሳሕኑ ላይ ትንሽ ተደርጎለት ሲጠግብ ጨርሶ የሚነሣ፣ ከፈለገም ጨምሮ የሚጠይቅ ልጅ ልክን ያውቃል። የተሞላ ሳሕን ቀርቦለት ግማሹን ትቶ የሚነሣ ልጅ ግን ምግብ ዋጋ የሌለው ነገር እንደሆነ ሳይነገረው ይማራል።

በመጪው ረመዷን እያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ ቀላል ውሳኔ እንዲያደርግ እንጠይቃለን። ካለፈው ዓመት የረመዷን ወጪው ላይ የሚባክነውን ያህል ገምቶ ይቀንስ፤ የቀነሰውን ገንዘብ ግን በኪሱ አያስቀረው። በአገር ቤት ላለ ችግረኛ ዘመድ፣ ለጎረቤት ወይም ለጾመኛ ማስፈጠሪያ ያውለው። ያን ጊዜ ወደ ቅርጫት ይሄድ የነበረው ሐቅ ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። ስለ ተሰጠን ኒዕማ በእርግጥ እንጠየቃለን፤ ከመጠየቃችን በፊት የጓዳችንን ሒሳብ ራሳችን ብንተሳሰብ ይቀለናል። አላህ ልካቸውን ከሚያውቁት፣ የሰጣቸውንም ከሚያመሰግኑት ባሮቹ ያድርገን።